ካርቦን ለመሸጥ በቅድሚያ ሚዛን፣ መዝገብና ቋሚ ባለሙያ ያለው ቢሮ ያስፈልጋል

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰሞኑን ስለ ካርቦን ገበያ በሚወጡ ዘገባዎች አዲስ አበባ ከደን ልማት፣ ከቆሻሻ አያያዝና ከኤሌክትሪክ አውቶቡሶች ገቢ ልታገኝ እንደምትችል ደጋግሞ ሲነገር እሰማለሁ። ነገሩ እውነትነት ስላለው የምቃወምበት ምክንያት የለኝም። ይሁን እንጂ በዘገባዎቹ ውስጥ ጎልቶ የሚወጣው የሚገኘው ገንዘብ እንጂ ገንዘቡን ለማግኘት የሚያስፈልገው የመሥሪያ ቤት አቅም አይደለም፤ አቅም ሲነሳም ለሠራተኞች ሥልጠና እንደሚሰጥ ከሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር አያልፍም። የምኖረው በከተማዋ ዳርቻ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ረጲ አካባቢ ሲሆን ለረጅም ጊዜ ያገለገልኩትም በሒሳብ ሙያ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን የማየው ከአየር ንብረት ሳይንስ ይልቅ በመዝገብና በውል በኩል መሆኑን አንባቢ ከወዲሁ እንዲረዳልኝ እፈልጋለሁ።

አንድ የካርቦን ክሬዲት ማለት ወደ አየር ሊለቀቅ ሲችል ሳይለቀቅ የቀረ ወይም እንደ ዛፍ ባለ ነገር ከአየር የተሳበ አንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም በሙቀት አማቂነቱ ከዚያ ጋር የሚመጣጠን ሌላ ጋዝ ነው። ገዢው የሚከፍለው ፕሮጀክቱ ባይኖር ኖሮ ይለቀቅ የነበረው መጠን በመረጃ ተደግፎ ከቀረበ፣ ፕሮጀክቱ ከተጀመረ በኋላ የተለቀቀው ደግሞ በየጊዜው ከተለካና የሁለቱን ልዩነት ገለልተኛ አረጋጋጭ ከመረመረ በኋላ ነው። የቡና ነጋዴ ጆንያው ሚዛን ላይ ሳይወጣ እንደማይከፍል ሁሉ የካርቦን ገዢም በመግለጫ ላይ ተመሥርቶ አይከፍልም። በአገራችን በወላይታ የሁምቦ ማኅበረሰብ 2,700 ሄክታር የሚሆን ተራቁቶ የነበረ ተራራ ከልሎ መልሶ በማልማት ከዓለም ባንክ ጋር የካርቦን ሽያጭ ውል ሊዋዋል የቻለው፣ የመሬቱ ይዞታ ተለይቶ፣ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተውና ዛፉ እየተለካ ተመዝግቦ ስለነበር ነው። ገጠር የሚኖሩ ገበሬዎች ያደረጉትን አንድ ትልቅ ከተማ ለማድረግ የሚያቅተው አይመስለኝም፤ የከተማ ጉዳይ ግን ባለቤቱ ብዙ በመሆኑ ይበልጥ የተወሳሰበ ነው።

ለዚህ እኔ ከምኖርበት አካባቢ የተሻለ ማስረጃ የሚገኝ አይመስለኝም። የቆሼ የቆሻሻ ክምር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የከተማዋን ቆሻሻ ሲቀበል ኖሯል። በ2008 ዓ.ም. በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ድጋፍ ሰንዳፋ ላይ የተሠራው አዲስ ማስወገጃ ሥራ ቢጀምርም፣ በአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃውሞ ምክንያት በወራት ውስጥ ሲቆም ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀበረ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ደግሞ የረጲው ከቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። ከአደጋው በኋላ በጃፓን መንግሥትና በተባበሩት መንግሥታት የሰዎች አሰፋፈር ፕሮግራም (ዩኤን-ሃቢታት) እገዛ የፉኩኦካ ዘዴ የሚባለው፣ በተበሱ ቱቦዎች አየር ወደ ክምሩ እያስገባ ከሚበሰብስ ቆሻሻ የሚወጣውን የሚቴን ጋዝ የሚቀንስ አሠራር ቆሼ ላይ ተተግብሯል። አንድ ቶን ሚቴን በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል አየሩን እንደሚያሞቅ የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ሳይንስ ፓነል በአምስተኛ ሪፖርቱ አስቀምጧል። በቆሼ አንድ ነገር በተሠራ ቁጥር፣ በጎም ይሁን መጥፎ፣ በካርቦን ሒሳብ ውስጥ ትልቅ ቁጥር ይንቀሳቀሳል ማለት ነው።

ታዲያ የሒሳብ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ቀላል ነው። ወደ ክምሩ በየቀኑ የገባው ቆሻሻ በክብደት ተመዝግቧልን? ምን ያህሉ የምግብና የአትክልት ትራፊ፣ ምን ያህሉ አፈርና አመድ፣ ምን ያህሉ ፕላስቲክ እንደሆነ በየወቅቱ ናሙና እየተወሰደ ታይቷልን? መዝገቡስ የት ተቀምጧል፣ ኃላፊው ሲቀየር ለተተኪው በርክክብ ይተላለፋልን? በየመንደሩ ከቤት ወደ ገንዳ የሚያመላልሱት የደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራት ሥራቸው ተሰፍሮ የሚከፈላቸው በመሆናቸው መረጃው ከታች መኖሩ አይቀርም። ክፍያ ለመፈጸም የተሞላው ቅጽ ግን ከተከፈለ በኋላ ፋይል ውስጥ ይቀበራል፤ የካርቦን አረጋጋጭ የሚፈልገውም ያንኑ ቅጽ ነው፣ ሳይቆራረጥና ሳይደለዝ ለዓመታት ተይዞ። በእኔ እምነት የከተማ አቅም ግንባታ መጀመር ያለበት ከሆቴል አዳራሽ ሳይሆን ከዚህ ቅጽ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። የብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ ባንዴይራንቴስ ከሚባለው የቆሻሻ ማስወገጃዋ የሚወጣውን ጋዝ አንድ ኩባንያ ሰብስቦ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭበት ስትፈቅድ፣ ከሚገኘው የካርቦን ክሬዲት ግማሹ የከተማው አስተዳደር እንዲሆን ተስማምታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ከተማዋ ከድርሻዋ 808,450 ክሬዲት በግልጽ ጨረታ አቅርባ እያንዳንዱን በ16.20 ዩሮ ሸጠች፤ ይህም ወደ 13 ሚሊዮን ዩሮ ይጠጋል። ይህን ያህል ገንዘብ ወደ ከተማው ካዝና የገባው ክሬዲቱ የማን እንደሆነ በውል ተለይቶ ስለነበር ነው። በእኛ ዘንድ የረጲው ማመንጫ ሲገነባ ቆሻሻው የከተማው፣ ግንባታውን ያስፈጸመው ደግሞ የፌዴራሉ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ሳይለቀቅ ከሚቀረው ሚቴን የሚገኘው ክሬዲት የማን ነው የሚለው አስቀድሞ በጽሑፍ ካልሰፈረ፣ ገዢ እንኳ ቢመጣ ሁለት የመንግሥት አካላት ሲከራከሩ አግኝቶ ይመለሳል።

የሙያ አቅም የምለውን በአንድ ነጥብ ብቻ ላሳይ። በብዙ አገሮች ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፕሮጀክት ሁለት ዓይነት ክሬዲት ያስገኛል፤ አንደኛው ሚቴን ሳይለቀቅ ስለቀረ፣ ሁለተኛው የከሰል ወይም የነዳጅ ኤሌክትሪክ ስለተተካ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ግን ከሞላ ጎደል ከውኃ፣ የቀረውም በአብዛኛው ከነፋስ የሚመነጭ በመሆኑ ሁለተኛው ወገን እዚህ ግባ የሚባል ነገር አያስገኝም፤ እንዲያውም ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚወጣው ካርቦን ከሒሳቡ ይቀነሳል። በአንጻሩ ይኸው ንጹሕ ኤሌክትሪክ በናፍጣ የሚሄድ አውቶቡስን ሲተካ ወይም ከሰልና ማገዶ በሚነድበት ቤት ምድጃ ሲሆን የሚገኘው ቅናሽ ከብዙ አገሮች የላቀ ይሆናል። ስለዚህ ለእኛ የሚሻለው ብስባሽ ማዳበሪያ ማምረትና ጋዝ መሰብሰብ፣ የኤሌክትሪክ ትራንስፖርት፣ እንዲሁም በዳርቻው ባሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የኤሌክትሪክ ማብሰያን ማስፋፋት ሊሆን ይችላል። ይህን ለይቶ የሚናገር የራሱ ባለሙያ የሌለው አስተዳደር አማካሪው ያመጣለትን ሁሉ ይፈርማል። ከአውቶቡስ የሚገኘውም ቢሆን በምኞት ብቻ አይመጣም። የኮሎምቢያዋ ቦጎታ ትራንስሚሌኒዮ የተባለውን የአውቶቡስ መስመሯን እ.ኤ.አ. በ2006 በታዳጊ አገሮች ለሚገኝ የልቀት ቅናሽ ክሬዲት ይሰጥ በነበረው የኪዮቶ ስምምነት የንጹሕ ልማት ሥርዓት ያስመዘገበችው፣ ተሳፋሪዎች መስመሩ ባይኖር በምን ይጓዙ እንደነበር በመጠይቅ እያጠናች ነው።

እዚህ ላይ አንድ የአካባቢዬን ነዋሪዎች የሚመለከት ሥጋት ማንሳት ግዴታዬ ነው። የደቡብ አፍሪካዋ ደርባን በቢሳሳር መንገድ ከሚገኘው የቆሻሻ ማስወገጃዋ ጋዝ ሰብስባ ኤሌክትሪክ በማመንጨትና ክሬዲት በመሸጥ ትመሰገናለች፤ በማዘጋጃ ቤት መሐንዲሶች አቅም ረገድም ልንማርባት ይገባል። ሆኖም በማስወገጃው አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች ቦታው እንደሚዘጋ ቀደም ሲል ቃል ተገብቶላቸው ስለነበር፣ የካርቦን ገቢው ማስወገጃው እንዳይዘጋ ምክንያት ሆነብን ሲሉ አጥብቀው ተቃውመዋል። ቆሼ አጠገብ ለምንኖር ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ክምር ገንዘብ ማምጣት ከጀመረ ክምሩን የማቆየት ፍላጎትም አብሮ ይፈጠራል። ስለዚህ ማንኛውም ውል ከመፈረሙ በፊት ቦታው በስንት ጊዜ እንደሚዘጋ፣ ከገቢው ምን ያህሉ በክምሩ ዙሪያ ለሚኖሩ ቤተሰቦችና ከክምሩ ላይ እየለቀሙ ለሚተዳደሩ ሰዎች እንደሚውል በጽሑፍ መስፈርና ለነዋሪው መነበብ ይኖርበታል። ማስረጃው ከእኛ ሰፈር ተወስዶ ገንዘቡ ሌላ ቦታ ለመንገድ ዳር አበባ ከዋለ ግን ተቃውሞ መነሳቱ አይቀርም፣ ተቃዋሚዎቹም ትክክል ይሆናሉ።

የዳርቻው ጉዳይ ሌላም ገጽ አለው። አዲስ አበባን ዙሪያዋን የሚያዋስናት የሸገር ከተማ አስተዳደር ነው። የሰንዳፋው ማስወገጃ የቆመው በምህንድስና ጉድለት ብቻ ሳይሆን ቆሻሻው የአንዱ፣ መሬቱና ሽታው የሌላው በመሆኑ ጭምር ነበር። የካርቦን ፕሮጀክት ደግሞ ለዓመታት የማይቋረጥ ሥራን ይጠይቃል፤ በወራት የሚዘጋ ማስወገጃ ክሬዲት አያስገኝም። ስለሆነም ሁለቱ አስተዳደሮች ቆሻሻው የሚጓዝበትን መንገድ፣ መለኪያውን የሚቆጣጠረውን አካልና የገቢውን ክፍፍል የሚወስን ስምምነት ማድረግ አለባቸው። ከሁሉ አስቸጋሪው ይህ ይመስለኛል። ቀላል አስመስሎ ማቅረብ አልፈልግም።

የአቅም ግንባታ ሥራ ፈጽሞ አልተሞከረም ማለቴም አይደለም። በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ቢሾፍቱ፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳና መቐለ የከተማ ቆሻሻን ወደ ብስባሽ ማዳበሪያ እንዲለውጡ የተቀረጸ ፕሮጀክት ነበር፤ የእነዚህን ከተሞች ልምድ ጠርቶ መስማት ወደ ውጭ አገር ከሚደረግ ጉብኝት በብዙ ይረክሳል። አዲስ አበባም ሲ-40 በሚባለው የትልልቅ ከተሞች ኅብረት አባልነቷ የአየር ንብረት የድርጊት መርሐ ግብር አዘጋጅታለች። ችግሩ በፕሮጀክት የተቀጠረ ባለሙያ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ዕውቀቱን ይዞ መሄዱ፣ በቢሮው ያለውም ሥልጠናውን ጨርሶ ወደ ሌላ መደብ መዛወሩ ነው። እኔ የምጠይቀው በከተማው ፋይናንስ ቢሮ ሥር፣ በመደበኛ በጀት የሚተዳደርና የሥራ መደቡ በመዋቅር የጸደቀ አነስተኛ ክፍል እንዲቋቋም ነው። አንድ መሐንዲስ፣ አንድ የሕግ ባለሙያ፣ አንድ የመረጃ ባለሙያና አንድ ሒሳብ ሠራተኛ ለመጀመሪያ ይበቃሉ። ፋይናንስ ቢሮ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ውልንና ገቢን የሚጠብቅ፣ በዋና ኦዲተርም የሚጠየቅ እርሱ ነው። መለካቱን የጽዳትና የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች ይሠሩታል።

ይህ ክፍል ከገቢው በላይ ተስፋ እንዳይሰጥም ሊጠነቀቅ ይገባዋል። በኪዮቶው ስምምነት የንጹሕ ልማት ሥርዓት የተገኘ ክሬዲት እ.ኤ.አ. በ2008 ከ20 ዩሮ በላይ ይሸጥ የነበረ ሲሆን በ2012 ማብቂያ ላይ ከአንድ ዩሮ በታች ወርዷል። በዚህ ገቢ ብቻ ሊመለስ የታሰበ ብድር የወሰደ ከተማ ምን ሊገጥመው እንደሚችል ማሰብ ነው። የካርቦን ገንዘብ ራሱን ችሎ ሊሠራ ለሚችል ሥራ ድጎማ ቢሆን እንጂ መሠረቱ ሊሆን አይገባም።

በተጨማሪም አገሮች የልቀት ቅናሽ እንዲሻሻጡ በሚፈቅደው በፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት አንቀጽ 6 መሠረት፣ ዝርዝር ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2024 በባኩ በተጠናቀቀው አሠራር፣ አንድ አገር ፈቅዶ ለሌላ አገር ያስተላለፈውን ቅናሽ ለራሱ ግዴታ ሊቆጥረው አይችልም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለችው ዕቅዷ እስከ 2030 ልቀቷን ምንም ባይደረግ ይደርሳል ተብሎ ከታሰበው በ68.8 በመቶ ለመቀነስ ቃል የገባች ሲሆን፣ ከዚህ ከ68.8ቱ ውስጥ በራሷ አቅም የምትፈጽመው 14ቱን ነው፤ የቀረው በውጭ ድጋፍ ላይ የተመሠረተ ነው። እንግዲህ ከተማው በርካሽ የሚገኘውን ቅናሽ ለውጭ ከሸጠ አገሪቱ የራሷን ድርሻ ለመሙላት ውድ የሆነው ሥራ ይቀራታል። የትኛው ይሸጥ፣ የትኛው ይቆይ የሚለው በፌዴራል መንግሥትና በከተማው መካከል ከድርድሩ በፊት ሊወሰን ይገባል።

በ2020 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተባበሩት መንግሥታትን 32ኛ የአየር ንብረት ጉባኤ እንድታስተናግድ ተመርጣለች። እስከዚያው የሚመለከታቸው የከተማው ቢሮዎች ሦስት ነገሮችን በዚሁ ጋዜጣ ዓምድ ላይ ቢያሳውቁን እጠይቃለሁ፤ ካለፉት ዓመታት የቆሼ የቆሻሻ ክብደት መዝገብ ውስጥ ለሕዝብ ሊከፈት የሚችለው የትኛው እንደሆነ፣ በረጲ ማመንጫና በክምሩ ላይ ከተሠሩት ሥራዎች ሊገኝ የሚችለው የካርቦን መብት በማን ስም እንደተመዘገበ ወይም እንዳልተመዘገበ፣ እንዲሁም የቆሼ መዝጊያ ቀን መቼ እንደሆነ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የረጲ ነዋሪ፣ ኮልፌ ቀራንዮ