የተፈጥሮ ሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ሁለቱን ፓይኖች ለመለየት

የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤታችን የተፈጥሮ ሳይንስ ክበብ ዘንድሮ የያዘው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ይኸውም በካሊፎርኒያ ሴራ ኔቫዳ ተራሮች ላይ ጎን ለጎን የሚበቅሉት ፖንደሮሳ ፓይንና ጄፍሪ ፓይን የተባሉት ዛፎች በምን ይለያሉ የሚል ነው። ሥራው የተጀመረው ግን ከስም ነው። ልጆቹ ከወላጆቻቸው እንደሰሙት ሁሉንም «ጥድ» ይሉ ስለነበር፣ የአገር ቤቱ ጥድ ሌላ ዛፍ መሆኑንና ሲያድግ ቅጠሉ ደቅቆ ቅርንጫፉ ላይ የሚለጠፍ እንጂ ረጅም መርፌ የሌለው መሆኑን በማስረዳት አንድ ሙሉ ቅዳሜ አለፈ።

በጥቅምት ከታሆ ሐይቅ ዙሪያ የሰበሰብናቸውን መርፌ ቅጠሎች በማስመሪያ ለካን። ሁለቱም በአንድ ዘለላ ሦስት ሦስት መርፌ ይይዛሉ፤ ርዝመታቸውም በአብዛኛው ከ12 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ በሰንጠረዣችን ላይ ቁጥሮቹ ተደራረቡ። የጄፍሪ ቅጠል ወደ ግራጫማ ሰማያዊ፣ የፖንደሮሳ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ይሁንና ጥላ ሥር ያደገ ዛፍ እኔን ጭምር አሳስቶኛል። ኮኑ፣ ማለትም ዘሩን የሚይዘው ቅርፊታም ፍሬ መሰል ክፍል፣ ይሻላል፤ በእጅ ሲጨብጡት የፖንደሮሳ እሾህ ይወጋል፣ የጄፍሪ ግን ወደ ውስጥ ስለሚታጠፍ አይወጋም።

ቁርጡ ልዩነት ያለው ሙጫው ውስጥ ነው። የፖንደሮሳ ሙጫ ቀለም ቀቢዎች አኳራጅ የሚሉትን ፈሳሽ የሚሰጡ ተርፒን የሚባሉ ውህዶች ሲኖሩት፣ ከጄፍሪ ሙጫ የሚተንነው ክፍል ከሞላ ጎደል ሄፕቴን ነው፤ ይህም ቤንዚን ውስጥ የሚገኝ፣ በ98 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላና በቀላሉ የሚቀጣጠል ፈሳሽ ነው። በ1861 የተጀመረው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከደቡብ ይመጣ የነበረውን አኳራጅ ሲያቋርጥ፣ በካሊፎርኒያ ሙጫ ማጣራት የጀመሩ ሰዎች ሁለቱን ዛፎች ሳይለዩ እሳት ላይ እየጣዱ ማጣሪያቸው ይፈነዳባቸው ነበር። ልጆቹ ይህን ታሪክ ደጋግመው ስላስተረኩኝ፣ በክበባችን ሙጫ ማሞቅ ክልክል መሆኑንም የዚያኑ ያህል ደጋግሜ መናገር ነበረብኝ።

ስለዚህ መሣሪያችን አፍንጫ ሆነ። በግንቦት ፀሐይ የመታውን የጄፍሪ ቅርፊት ስንጥቅ አሽትተው ግማሾቹ ቫኒላ፣ ሌሎቹ አናናስ ነው ብለው ተከራከሩ። ፖንደሮሳም አንዳንዴ ቫኒላ ቫኒላ ስለሚሸት ግን ሽታውን ያለ ኮኑ ብቻውን አልመዘገብነውም።

በመልስ ጉዟችን ዝቅ ባሉት ኮረብቶች ላይ ያየነው ግሬይ ፓይን፣ መርፌው አመድማና የተንጠለጠለ ስለሆነ ከጄፍሪ ጋር ያምታታው ልጅ አልነበረም። ሙጫው ግን እንደ ጄፍሪ ሄፕቴን የበዛበት ነው፤ በዝምድናም ጄፍሪ ከሚመስለው ከፖንደሮሳ ይልቅ ለእርሱ ይቀርባል። ልጆቹ በክፍሉ ሰሌዳ ላይ የማይመሳሰሉትን ሁለቱን ጎን ለጎን የለጠፏቸው በዚህ ምክንያት ነው።