በስምሽ ውስጥ የሌለችው እናትሽ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽስ? በሆድሽ ያለውስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ብርዱ ሲበረታ ጉልበቴ ከሚያስቸግረኝ በቀር ክፉ ነገር የለም።

ባለፈው ሳምንት የጠየቅሽኝን በስልክ መመለስ አልሆነልኝም። «እማዬ፣ ሕፃኑ ሲወለድ የሚሞላ ቅጽ ሰጥተውናል፤ የእኛ የቤተሰብ ስም ማን ነው የሚባለው?» አልሽኝ። «አስቤ እነግርሻለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም። አንቺ ለአንድ መስመር ብለሽ የጠየቅሽኝ ነገር ለእኔ የዓመታት ሐሳብ ነው፤ ስለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥሁ።

የቤተሰብ ስም የለንም፣ ልጄ። ኖሮንም አያውቅም። በአሜሪካ ወረቀትሽ ላይ በመጨረሻ የተጻፈው የአባትሽ አባት ስም ነው። እርሳቸው አንድ ሰው ነበሩ፤ ወንድሞቻቸው እንኳ በዚያ ስም አይጠሩም ነበር። ወንድምሽ እዚህ ወልዶ ቢያስመዘግብ የልጁ ስም፣ የወንድምሽ ስምና የአባትሽ ስም ይጻፋል፤ የአያትሽ ስም ከዚያ ይወርዳል። ስማችን እንዲህ በየትውልዱ አንድ እርምጃ የሚሄድ ነው። በባሕር ማዶ ግን ስሙ ባለበት ይቆማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ሕጉ በመጽሐፍ ቀረ፤ ሕዝቡ ልጁን በአባቱ ስም መጥራቱን ቀጠለ። በእስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤላውያንም አገሩን ሲገቡ ይኸው ደርሶባቸዋል፤ የአባት ወይም የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዘገበ፣ ለብዙዎቹም የዕብራይስጥ ስም ተጨመረላቸው። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ወደ ኋላ ሲፈልጉ ሁለት ዓይነት ስም ይዘው ነው የሚነሡት።

አንዲት የማታውቂያት ሴት «የአባት ስማችን አንድ ስለሆነ ዘመዳሞች ነን» ብላ እንደጻፈችልሽ ነግረሽኝ ነበር። የዋህነቷን ወደድሁት፤ ግን እንዲያ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስም አፄ ዮሐንስ 4ኛም ከመንገሣቸው በፊት ስማቸው ካሳ ነበር፤ የአንዱ ልጅና የሌላው ልጅ ሁለቱም የካሳ ልጆች ናቸው፤ በዚህ ግን ወንድማማች አይሆኑም። በእኛ አገር ዘመድ የሚገኘው በመቁጠር ነው።

ነገሬ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። አባትሽ ሰባት አባቶቹን ሲቆጥር ሰምተሻል፤ ወንድምሽንም በልጅነቱ አስጠንቶታል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ግን እርሳስ ይዤ አሰላሁት። ሰው ሁለት ወላጅ፣ አራት አያት፣ ስምንት ቅድመ አያት አለው፤ እንዲህ እያለ በሰባተኛው ትውልድ ላይ 128 ይሆናል። ከመጀመሪያው እስከ ሰባተኛው ያሉት ሲደመሩ 254 ናቸው። ወንድምሽ የሚያውቀው ሰባቱን ነው። እኔ፣ የወለድሁት እናቱ፣ በዚያ ቆጠራ ውስጥ የለሁም። በአንቺም ሦስት ስም ውስጥ የለሁም። አግብቼ ስሜን አልለወጥሁም፤ በዚህ ከብዙ አገር ሴቶች እንሻላለን እንላለን፤ ልጆቼ ግን አይጠሩበትም።

እንዲህ ሁልጊዜ አልነበረም። እኔ ልጅ ሳለሁ ጎጃም ውስጥ ሴት ትቆጠር ነበር። ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ስለነበር አባቴ ከአምስት ትውልድ በላይ ባለች አንዲት ሴት በኩል በሌላ ደብር መሬት ይደርሰኛል ብለው ለዓመታት ሲሟገቱ አስታውሳለሁ። ችሎት ከመሄዳቸው በፊት በነበረው ሌሊት እሳቱ ዳር ተቀምጠው ይለማመዱት ነበር፦ «እገሌ እገሊትን ወለደ፤ እገሊት እገሌን ወለደች፤ እገሌ እገሊትን ወለደ…» እኔ ጥጥ እየፈለቀቅሁ እሰማለሁ። አንዱን ስም ከዘለሉ እናቴ ከጓዳ ታርማቸዋለች። የእርሷ ወገን ያልሆነውን የአባቴን ትውልድ እንዴት እንዳወቀችው ዛሬም ይገርመኛል።

ሌላው ጋብቻ ነበር። የታላቅ እህቴ ሽማግሌ መጥቶ፣ እህሉ ሁሉ ተዘጋጅቶ፣ አንዲት ዐይናቸው የጠፋ አሮጊት ተጠርተው መጡ። ሁለቱን ወገን ወደ ላይ ቆጠሩ። በአምስተኛው ቤት ላይ አንዲት ሴት በሁለቱም ቆጠራ ውስጥ ተገኘች። «ሰባት ቤት አልሞላም» አሉ፤ ጋብቻው በዚያው ፈረሰ። እህቴ ሦስት ቀን አለቀሰች። በአባት ብቻ ቢቆጠር ኖሮ ያች ሴት አትታይም ነበር፤ ሁለቱ ዘመዳሞችም ሳያውቁ ይጋቡ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሆነ። የጭሰኛው ሸክም በመውረዱ ደስ ያለኝ ሰው ነኝ፤ አሁንም አልጸጸትም። የርስት ሙግት ግን በዚያው ቀረ፤ ሙግቱ ሲቀር አባቴ በሌሊት መቁጠር ተዉ። ወንድሞቼ መቁጠርን ሳይማሩ አደጉ። ያንን ሁሉ የሴት ስም በሰው አፍ ያቆየው መሬቱ እንደነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው። እናቴ ስትሞት ደግሞ የምታርም ሰው ጠፋ።

አባትሽ ካረፈ በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር፣ «ወንድሜን ልጠይቅ» ብዬ ጎጃም የሄድሁትን ታስታውሺያለሽ። ወንድሜን ጠይቄያለሁ፤ ዋናው ጉዳዬ ግን ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ የሚኖሩት የእናቴ ወንድም መሪጌታ ነበሩ። ከአባይ በረሃ ወጥተን ደጀን ስንደርስ ልቤ እንደ ልጅ ይመታ ነበር።

አጎቴ በቤታቸው ግድግዳ ላይ በማኅደሩ የተሰቀለ ዳዊት አላቸው። ከአባታቸው የወረሱት ነው። በብራና የተጻፈ፣ ገበታው እንጨት፣ ጥግ ጥጉ በእጅ ብዛት የጠቆረ። «ከሴት ወገን የመጣ ነው ትል ነበር እናቴ» አሉኝ፤ ከዚያ በላይ የሚያውቁት አልነበረም። በዳዊት መዝሙራቱ መካከል የባለ መጽሐፉ ስም እየተጠራ የሚለመንበት ቦታ አለ። በሁሉም ላይ የአጎቴ ቅድመ አያት የክርስትና ስም ተጽፏል። መጽሐፉን ወደ ደጅ አውጥተን ፀሐይ ላይ ስንገልጠው ግን ስሙ ያለበት ቦታ ሁሉ ብራናው ሳስቶ፣ እንደ ተላጠ ቆዳ ሻክሮ አየሁ። ጣቴን አሳለፍሁበት። በቢላ ተፍቆ ነው ሌላ ስም የተጻፈው። መጽሐፍ ባለቤት ሲለውጥ እንዲህ እንደሚደረግ አጎቴ ነገሩኝ።

ቅጠል በቅጠል አየነው። ከነቢያት ጸሎት አልፈን፣ ውዳሴ ማርያም ከመድረሱ በፊት፣ በአንድ ገጽ ግርጌ የፋቂው ቢላ ያልደረሰበት አንድ መስመር አገኘን። አጎቴ መነጽራቸውን አስተካክለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፦ «ዕቀባ ለአመትከ ወለተ ሥላሴ»። አገልጋይህን ወለተ ሥላሴን ጠብቃት። ወንድ ቢሆን «ዕቀቦ ለገብርከ» ይል ነበር። ዳዊቱ የሴት ነው። በዚያን ዘመን ብራና አስፍቃ፣ ጸሐፊ አስቀምጣ፣ በስሟ ያስጻፈች ሴት ከእኛ በፊት ነበረች።

አጎቴ ያን መጽሐፍ ከአምሳ ዓመት በላይ ደግመውበታል። መስመሩን አይተው ያውቃሉ፤ ማን ናት ብለው ግን ጠይቀው አያውቁም። ቁጭ ብለው ዝም አሉ። ቆይተው «ስንት ጊዜ አልፌያታለሁ» አሉ፤ ከዚያም ተነሥተው ስሟን ጠርተው ጸለዩላት። እኔ አለቀስሁ። ልጄ፣ ያን ቀን የተሰማኝን በሌላ ቃል መናገር አልችልም፤ ጠፍታ የተገኘች እናቴን ያየሁ መሰለኝ።

ማን እንደሆነች በቆጠራው ውስጥ ለማስቀመጥ ሁለት ቀን ደከምን። የአጎቴ ቅድመ አያት በክፉ ቀን፣ ማለትም በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከብቱ ባለቀበትና ረሃብ በገባበት ዘመን እንደሞቱ ይነገራል። ስማቸውን በእርሷ ስም ላይ ያስጻፉት ከዚያ በፊት ነው፤ ስለዚህ እርሷ ከእርሳቸው ትቀድማለች። እናታቸው ትሁን የሚስታቸው እናት አልለየንም። «ከሴት ወገን የመጣ» የሚለው ቃል ወደ ሁለተኛው ያደላል፤ እኔም ወደዚያው አደላለሁ።

ይህን ሥራ አንቺም ብትቀጥዪ የሚያስቸግርሽን አስቀድሜ ልንገርሽ። አንድ ሰው ሦስት ሰው ይመስላል። ሣህለ ማርያም፣ ምኒልክና አባ ዳኘው አንድ ሰው እንደሆኑ የምናውቀው ንጉሥ ስለሆኑ ነው፤ የእኛ ሰዎች ግን በቤተ ክርስቲያን በክርስትና ስም፣ በቤት በዓለም ስም፣ በዘመቻ በፈረስ ስም ሲጠሩ ኖረው ማንም ሳያገናኛቸው ይሞታሉ። ወለተ ሥላሴም በቤት ማን ትባል እንደነበር አላገኘሁም። ምናልባት አባቴ በእሳቱ ዳር ከቆጠሯቸው ሴቶች እንደ አንዷ ያለ፣ ሁሉ የሚያውቀው ስም ነበራት።

ስም ራሱ ደግሞ ይናገራል። ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ የሚባል ሰው ካገኘሽ ብዙ ጊዜ ከእርሱ በፊት የሞተ ልጅ ወይም ሌላ ሐዘን አለ፤ በዝርዝሩ ላይ ለዚያ ለሞተው ባዶ ቦታ ተዪለት። ዘመኑን ለማወቅ «ስንት ዓመታቸው ነበር?» ብለሽ አትጠይቂ። «አድዋ ሲዘመት ተወልደው ነበር? የኅዳር በሽታ ጊዜ አግብተው ነበር? ጣሊያን ሲገባ ስንተኛ ልጃቸውን ይዘው ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። 1888፣ 1911፣ 1928 ናቸው፤ ሰውን በእነዚህ መካከል ታገኚዋለሽ። በእናንተ ዘመን አቆጣጠር ሰባት ወይም ስምንት መጨመር አትርሺ፤ በወረቀት ላይም የትኛውን አቆጣጠር እንደተጠቀምሽ ጻፊ።

ለርስት ሙግት የተቆጠረ ትውልድ ሁሉ እውነት እንዳይመስልሽ። መሬት ፈልጎ ራሱን በሌላ ሰው አባት ላይ የቀጠለ አለ፤ አባቴም ቢሆኑ ባላጋራቸው ሌላ ቆጠራ ነበረው። ስለዚህ ከአንድ ወገን ብቻ አትስሚ። ሁለት የማይስማሙ ዘመዶች በአንድ ስም ላይ ከተስማሙ ያን ስም በድፍረት ጻፊው።

የላክሽልኝን የምራቅ ምርመራ ውጤት አየሁት። ከየት አካባቢ እንደሆንሽ ይናገራል፤ ስም ግን አይናገርም። አንድ ነገር ግን አስደሰተኝ፤ በሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ ያለው ማይቶኮንድሪያ የሚባለው ክፍል ከእናት ብቻ የሚወርድ መሆኑን ስትነግሪኝ። በስም የጠፋነው ሴቶች እዚያ አለንበት ማለት ነው። ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል የሰማሁት ሁሉ ስለ ወንዶች ነበር።

እንግዲህ ወደ ቅጹ። የባልሽን የመጨረሻ ስም ጻፉ፤ ሕፃኑ ከወላጆቹ በተለየ ስም በየአውሮፕላን ጣቢያው መጠየቅ የለበትም። በዚህ አልከፋም። ከቅጹ ጀርባ ግን እናንተ የምትጽፉት አለ። ወንድምሽ በሚቀጥለው ወር ሲመጣ አንድ ሰማያዊ ደብተር ይዞልሽ ይመጣል። በግራ ገጽ የአባትሽ ወገን፣ በቀኝ ገጽ የእኔ ወገን ነው። በእኔ በኩል 41 ስም አለ፤ ከእነዚህ 19ኙ ሴቶች ናቸው። ወለተ ሥላሴን በእርሳስ ጽፌያታለሁ፤ ቦታዋ ሲረጋገጥ በእስክሪብቶ ታደርጊዋለሽ።

ከመካከለኛው ገጽ ጀምሮ ያለው የባልሽ ወገን ነው፤ ባዶ ነው። የባልሽ እናት ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ጆሯቸውም እየደከመ ነው። «ትውልድዎን ይቁጠሩልኝ» ካልሻቸው የሚጠሩልሽ ወንዶቹን ብቻ ነው። ይልቅ ልጅ ሳሉ የተዝካር እንጀራ ማን ይጋግር እንደነበር፣ እናታቸውን ማን እንዳዋለዳት፣ ያ ሰፊው ማሳ በማን በኩል እንደመጣ ጠይቂያቸው፤ ሴቶቹ እዚያ ውስጥ አሉ። የእናታቸውን እናት የክርስትና ስምና የተጠመቁበትን ደብር ሳትጠይቂ እንዳትዘጊ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቤት ናቸው፤ ጮክ ብለሽ ተናገሪ፣ ባልሽም አጠገብሽ ሆኖ ይቅዳው።

እናትሽ