«ፎር ካያችሁ ኢንግ» የሚለውን ነገር ተዉልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች

እንዴት ሰነበታችሁ? የምጽፍላችሁ ከጎንደር ነው። ሥራዬ ማስጎብኘት ነው፤ የቀኔ ግማሽ የሚያልቀው ፋሲል ግንብ በር ላይ ነው። እንግሊዝኛ ትንሽ ክፍል ውስጥ ተምሬያለሁ፣ የቀረውን ያስተማሩኝ ቱሪስቶች ናቸው። ስለዚህ ምሁር ነኝ አላልኩም። ግን ሰሞኑን ቤቴ የገባ አንድ ወረቀት አናዶኛል፣ ለእናንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ።

ልጄ 8ኛ ክፍል ናት። የእንግሊዝኛ ፈተናዋን ይዛ መጣች፣ ከ20 19። ጎበዝ አልኳት። «አባዬ፣ ይቺን ግን እያት» ብላ ጣቷን አንዷ ጥያቄ ላይ አሳረፈች። ባዶ ቦታ ሙሉ ነው የሚለው። «አይ ... ኢን ጎንደር ፎር ፎርቲን ይርስ።» ከጎኑ ሊቭ የሚለው ግስ ተሰጥቷል። እሷ «ሃቭ ሊቭድ» ብላ ሞልታለች። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ተደርጎበታል፣ ከኤክሱ ሥር ደግሞ መምህሩ «ሃቭ ቢን ሊቪንግ» ብለው ጽፈውላታል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ መነጽሬን አምጥቼ አነበብኩት። ሁለቱም እኮ ልክ ናቸው!

ሊቭ፣ ወርክ፣ ቲች የሚሉት ዓይነት ቃላት ላይ፣ ከኋላቸው ፎር ወይም ሲንስ እስካለ ድረስ፣ «ሃቭ ሊቭድ» ብትልም «ሃቭ ቢን ሊቪንግ» ብትልም ሰሚው የሚረዳው ያው ነው። እዚህ ነበርኩ፣ አሁንም እዚሁ ነኝ። ልዩነት ካለም በጣም ቀጭን ነው፤ ኢንግ (ግሱ ጫፍ ላይ የምትቀጠለዋ) ያለበት አንዳንዴ «ለጊዜው ነው» የሚል ሽታ አለው። አዘዞ ቤት ተከራይቶ የራሱን ቤት ጣራ እስኪመታ ሦስት ወር የተቀመጠ ሰው «ሃቭ ቢን ሊቪንግ» ቢል ያምርበታል። ልጄ ግን ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው። ባሕር ዳርን እንኳ ያየቻት አንዴ ነው። ጥያቄው እሷን የሚመለከት ከሆነ እንዲያውም የሚቀርበው የእሷ መልስ ነው፣ የመምህሩ አይደለም።

በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ለጠብ አይደለም። «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሁለቱም አያስኬድም ወይ?» አልኳቸው። ሰውየው ጨዋ ናቸው፣ አልተቆጡም። «መልሱ ላይ ያለው እሱ ነው፣ ደግሞ ለልጆቹ ፎር እና ሲንስ ካያችሁ ኢንግ ብዬ ነው ያስተማርኳቸው፣ አሁን ለአንዷ ብዬ ሕጉን ብቀይር ሁሉም ወረቀቱን ይዞ ይመጣል» አሉኝ። ያለባቸውን የወረቀት ቁልል አየሁት። እውነት ለመናገር አዘንኩላቸው።

ግን ሕግ ያሉት ነገር ሕግ አይደለም። ይህን የምለው ተዋርጄበት ስለማውቅ ነው።

ጀማሪ ሳለሁ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይዤ ገባሁ። ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች አሳይቻት ሞቅ ሲለኝ ጊዜ «አይ ሃቭ ቢን ኖዊንግ ዚስ ቸርች ሲንስ ቻይልድሁድ» አልኳት። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ ለማለት ነው። ሲንስ አለ፣ ስለዚህ ኢንግ! ሴትዮዋ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ኖራለች። ፈገግ አለችና «ሃቭ ኖውን» ብላ አረመችኝ። ከዚያ የነገረችኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ማወቅ ሥራ አይደለም አለችኝ፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ አቁመህ ከምሳ በኋላ የምትቀጥለው ነገር አይደለም። ማወቅ፣ ማመን፣ መውደድ፣ የአንድ ነገር ባለቤት መሆን፣ እነዚህ ኢንግ አይወዱም። ሃምሳ ዓመት ቢቆዩም፣ ሲንስና ፎር ቢደረደርባቸውም አይወዱም። ስልኬን ከገዛሁት ሁለት ዓመት ሆነኝ ለማለት «አይ ሃቭ ሃድ ዚስ ፎን ፎር ቱ ይርስ» ነው። ሃቭ ሃድ ሲባል ልጆች ይስቃሉ፣ ልጄም ስቃለች፣ ግን ልኩ እሱ ነው።

ሌላም አለ። አንድ ሰው ካየሁት ሳምንት ሆነኝ ልበል። ፎር ኤ ዊክ አለበት፣ ፎር! «አይ ሃቨንት ሲን ሂም» ነው የሚባለው። በሕጉ ሄዳችሁ «ሃቨንት ቢን ሲዪንግ» ካላችሁ ፈረንጁ የሚሰማው ከልጁ ጋር መጠናናት ስለማቆም ነው። ይህን ለ8ኛ ክፍል ልጅ ማስረዳት ትንሽ ያስቸግራል፣ እኔም ለልጄ ዘልዬዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እኔን የሚገርመኝ ልጆቻችን ልዩነቱን በአማርኛ ጥርት አድርገው እያወቁት እንግሊዝኛ ላይ ሲደርስ እንደ አዲስ ነገር በቀመር መሸምደዳቸው ነው። ሃቭ ሲደመር ቢን ሲደመር ቨርብ ሲደመር ኢንግ። የምን ሒሳብ ነው?

ጥምቀት ሲቃረብ የፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ይሞላል። በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር አይደለም። በዚያ የሚያልፍ ሰው ቤቱ ገብቶ «ውሃውን ሲሞሉት ሰንብተዋል» ሊል ይችላል፣ «ውሃውን ሞልተውታል» ሊልም ይችላል። ሁለቱን የሚያምታታ የጎንደር ልጅ አለ? የለም። የመጀመሪያው ሥራው ላይ መቆየታቸውን ነው የሚነግረኝ፤ አልቆ ይሁን ገና ግማሽ ይሁን አላወቅኩም። ሁለተኛው አለቀ ነው። ጥር 11 ጠዋት ውሃው ተባርኮ ሊዘልሉ የቆሙት ጎረምሶች የሚፈልጉት ዜና ሁለተኛው ነው። እንግሊዝኛውም ያው ነው፤ «ሃቭ ቢን ፊሊንግ» እና «ሃቭ ፊልድ»። አለቀ። ልጄን ቁጭ አድርጌ ይህን ስነግራት የፈጀብኝ ቡናው ሁለተኛ እስኪደርስ ድረስ ነው።

ደግሞ እኛ በዚህ በኩል ከእንግሊዝኛው እንበልጣለን። ሲዘንብ ዋለ፣ ሲዘንብ አደረ፣ ሲዘንብ ሰነበተ፣ ሲዘንብ ከረመ። እንግሊዝኛው ለሁሉም ያለው ያንኑ «ኢት ሃዝ ቢን ሬይኒንግ» ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይሁን ሌሊቱን ወይ ክረምቱን፣ ከኋላ ሌላ ቃል ካልጨመረ አይታወቅም። ከረመ ብለን ሐምሌና ነሐሴን በአንድ ቃል የምናስገባ ሰዎች በቢን እና በኢንግ ስንፈራ አይገርምም? አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። «ትላንት ሲዘንብ ዋለ» ካላችሁ ሃቭንም ሃዝንም አታምጡት። ትላንት ተዘግቷል። የስተርደይ እና ፕረዘንት ፐርፌክት የሚሉት፣ ይኸው ሃቭ ወይም ሃዝ ያለበት አነጋገር፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አብረው አይገቡም።

ቁጥር ሲመጣም እንደዚሁ ነው። ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ ለምን ደከመህ ካለችኝ «ሳስጎበኝ ነው የዋልኩት» እላታለሁ፣ እሱ ቢን ያለበት ነው። አለቃዬ ስንት ቡድን ወሰድክ ካለኝ ግን «ሦስት ቡድን ወስጃለሁ» ነው፣ «አይ ሃቭ ቴክን ስሪ ግሩፕስ»። የተቆጠረ፣ ያለቀ ነገር ስለሆነ ኢንግ አያስፈልገውም። ሃው ሎንግ ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ጊዜ ወደ ኢንጉ ይሄዳል፣ ሃው ሜኒ ብሎ የሚጠይቅ ወደ አጭሩ።

አማርኛ ሁሌ ያድናል እያልኩ አይደለም። የሚያሳስትበትም ቦታ አለ። ጎረቤታችን በር ከፍታ ስትገባ ቤቱ ጭስ በጭስ ነው፣ ምጣዱ ከእሳት ወርዷል፣ የቡናው ሽታ መጋረጃው ላይ ተጣብቋል። «ቡና ስትቆሉ ነበር እንዴ?» ትላለች። ነበር አለች። ልጄ ይህን ቀጥታ ገልብጣ «ወር ዩ ሮስቲንግ» ብላ ነበር። ፈረንጅ ግን ጭሱ ገና ዓይኑን እየቆጠቆጠው «ሃቭ ዩ ቢን ሮስቲንግ ኮፊ?» ነው የሚለው፣ ምክንያቱም ምልክቱ አሁንም ፊቱ ነው። ዓይኑ የቀላ ሰው አይተህ ስታለቅስ ነበር ወይ ስትለው፣ የጨቀየ ጫማ አይተህ ጭቃ ውስጥ ስትሄድ ነበር ወይ ስትል እንደዚሁ ነው። ስኒ ይዞ የሚጠብቀው ሰው ግን ለጭሱ ግድ የለውም፤ «ሃቭ ዩ ሮስትድ ኢት?» ነው የሚለው፣ ተቆልቶ ከሆነ ወደ ሙቀጫው እንዲሄድለት።

ሁለተኛው ማሳሳቻ «ጎንደር ከመጣሁ አሥር ዓመቴ ነው» የምንለው ነው። ይህን ይዘው «አይ አም ሊቪንግ ኢን ጎንደር ፎር ቴን ይርስ» የሚሉ ትልልቅ ሰዎች ሰምቻለሁ፣ እኔም ብያለሁ። ነው ስላልን አም ይመጣል። እንግሊዝኛ ግን ከኋላ ጀምሮ እስከ ዛሬ ለሚዘልቅ ነገር ሃቭ ካላለ አይሆንለትም። አስተማሪዎች ቀይ እስክሪብቶውን እዚህ ላይ ቢያውሉት ደስ ይለኛል፣ እውነተኛው ስህተት ያለው እዚህ ነው።

አሁን የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ፈተና የምታወጡ መምህራን፣ ሁለት መልስ ያለውን ጥያቄ አንድ መልስ እንዳለው አድርጋችሁ አታውጡ። የግድ ልዩነቱን መፈተን ከፈለጋችሁ ልዩነት ያለበትን ስጡ፤ ኖው (ማወቅ) የሚለውን ግስ ስጡ፣ ሦስት ጊዜ የሚል ቁጥር ያለበት ስጡ፣ ገና ያላለቀ መጽሐፍ ስጡ። ሊቭን ተዉት። ልጆቹ ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ሊሆንባቸው ነው፤ ትክክል የጻፈች ልጅ ተሳስተሻል ተብላ ከሄደች ቀጥሎ የምታደርገው እጇን አለማንሳት ነው። እኔ ቱሪስት ፊት ነው የታረምኩት፣ ያረመችኝ ሴትዮም ልክ ነበረች። ልጄ የታረመችው ግን ልክ የሆነውን ነው።

እናንተ አዘጋጆችም ከቻላችሁ የእንግሊዝኛ መምህራን የሚሉትን አትሙልን፣ እኔን የሚቃወምም ቢሆን። የልጄ መምህር «እስኪ አየዋለሁ» ብለውኛል። እያዩት ይሁን አይተውት ይሁን ገና አልሰማሁም። ወረቀቱ ቴሌቪዥኑ ሥር ነው ያለው፣ እንዳይጣል ብላ ልጄ የውሃ ጆግ ጭናበታለች።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አስጎብኚ፣ ከጎንደር