ጥቋቁሮቹ ነጥቦች፦ የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዕቅዳችን ላይ አምስት ተግባራት ነበሩ። አራቱን እርሱት። ዘንድሮ ክበባችን የሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥጥ ተከለ።

ዘሩን ያመጣልን የአንድ የ10ኛ ክፍል አባላችን አጎት ነው፤ አዋሽ ወዲያ እርሻ ላይ ይሠራል። ዘጠኝ ጄሪካን ቆርጠን ጥቅምት ላይ ዘራን። ቅጠል እንዳወጣ አንዷ እየሮጠች መጣች። "ቲቸር፣ ታሟል!" ቅጠሉን ወደ ፀሐይ ስናነሳው ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት ዳቦ ይመስላል። እውነቱን ልናገር፣ እኔም በሽታ መስሎኝ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ በሳሙና ውኃ አጠብነው። ነጥቦቹ ወይ ፍንክች!

ለካ ዕጢዎች ናቸው። ውስጣቸው ጎሲፖል የሚባል ቢጫ ኬሚካል አለ፤ ቅጠል በል ነፍሳትን ይመርዛል። ዘሩን ሰንጥቀን በማጉያ መነጽር ስናይም ያው ነጥብ። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ለዶሮ እንደ ልብ የማይሰጠው ለዚህ ነው፤ የእንቁላሉን አስኳል እንኳ ያጠይመዋል።

ልጆቹን የያዛቸው ግን ቀጥሎ ያለው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ማክማይክል የሚባሉ አሜሪካዊ የጥጥ አዳቃይ ነጥብ አልባ ጥጥ አወጡ። ዘሩ ለሰውም ለዶሮም የሚበላ ሆነ። ማሳ ላይ ሲዘራ ግን ወትሮ ጥጥ የማይነኩ ጥንዚዛዎች ሳይቀሩ ተረባረቡበት። "ዘበኛውን አባረሩታ!" አለ አንዱ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እኔም አልነበረኝም። እ.ኤ.አ. በ2006 ቴክሳስ ውስጥ ተመራማሪው ኪርቲ ራቶርና ባልደረቦቻቸው መላ አገኙ። ጎሲፖሉን ከዘሩ ላይ ብቻ ቀንሰው ቅጠሉ ላይ እንዳለ ተዉት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲዘራ፣ በ2019 እንዲበላ ፈቀደች።

"ታዲያ ጓይ ትል እንዴት ይበላዋል?" ጥያቄው የባለ አጎቱ ልጅ ነው። አጎቱ ከዚህ የጥጥ ተባይ ጋር ሲታገል እያየ ነው ያደገው። ትሉ መርዙን የሚያረክስበት ኢንዛይም አለው። ዘበኛውን የለመደ ሌባ በሉት።

መጋቢት ላይ የእኛው የጊቢ ዘበኛ ምሳ በሄዱበት አንዲት ፍየል ገባች። ስድስቱን ጄሪካን ጥርግ! እሷ ምንም አልሆነችም፤ የሚያመሰኩ እንስሳት ጎሲፖልን ከዶሮ በተሻለ ይችሉታል። ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ አኮረፉ።

ከተረፉት ሦስቱ ግንቦት ላይ አንድ እፍኝ ፍሬ ለቀምን። ቤተ ሙከራው መሳቢያ ውስጥ በፖስታ ተቀምጧል። ፖስታው ላይ አንዱ በቀይ እስክሪብቶ "ለፍየል አይሰጥም" ብሎ ጽፎበታል።