የሳይንስ ክበብ ዘገባ፦ ቀለበቱ ያለው የት ነው?

የዘንድሮው ሥራችን የተነሳው ከአንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄ ነው። "ቲቸር፣ ጨረቃን የከበባት ቀለበት ያለው እሷ ጋ ነው ወይስ ደመናው ላይ?" ጥያቄውን ስለወደድነው ሌላውን እቅድ ወደ ጎን አደረግነው።

ትልቁን ቀለበት የሚሠሩት በስስና ከፍተኛ ደመና ውስጥ ያሉ ባለ ስድስት ጎን የበረዶ ቅንጣቶች ናቸው። ብርሃን በአንዱ ጎን ገብቶ በሌላው ሲወጣ ቢያንስ 22 ዲግሪ ያህል ይታጠፋል። አብዛኛው ብርሃን የሚከማቸውም እዚያው አካባቢ ነው። ከዚያ ያነሰ ስለማይታጠፍ የቀለበቱ ውስጠኛ ክፍል ጠቆር ይላል። ክንድ ተዘርግቶ ሲለካ ከጨረቃ እስከ ቀለበቱ አንድ ስንዝር ያህል ነው። ሰማይ በእጅ መለካቱ ልጆቹን በጣም አስደሰታቸው።

ጨረቃን ተጠግቶ የሚታየው ትንሹ ቀለበት ግን የውሃ ጠብታዎች ሥራ ነው። ብርሃን ጥቃቅን ጠብታዎችን ሲያልፍ በጠርዛቸው ዙሪያ ይበተናል፤ ዲፍራክሽን የሚባለው ይሄ ነው። ጠብታዎቹ ባነሱ ቁጥር ቀለበቱ ይሰፋል። ሁለቱን ለመለየት ቀዩን ቀለም መፈለግ ነው፦ በበረዶው ቀለበት ከውስጥ፣ በጠብታው ከውጭ ይሆናል።

ይህንን ክፍል ውስጥ ሠርተን አየነው። መብራት አጠፋን፣ አንዲት ትንሽ አምፖል ብቻ አበራን፣ መስታወት ላይ እፍ ብለን በእሱ ውስጥ አየናት። ቀለበቱ ወዲያው መጣ። እርጥበቱ ሲደርቅ አብሮ ጠፋ። ልጆቹ ደጋግመው እፍ አሉ፤ እኔም አላስቆምኳቸውም።

ከዚያ አንዷ ተማሪ ያለ መስታወትም ቀለበት እንደሚታያት ነገረችን። አምፖሏን ብቻ በጣትሽ ሸፍኚ አልናት። ቀለበቱም አብሮ ጠፋ። ስለዚህ የተሠራው ዓይኗ ውስጥ ነው ማለት ነው። ጨረቃ ብትሸፈን ግን የሰማዩ ቀለበት እንዳለ ይቆያል። ፈዘዝ ያለ ቀለበት ጤነኛ ዓይንም ያያል። በድንገት ከመጣና ሕመም ወይም ብዥታ ካለው ግን የግላኮማ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል። ይህን ለሁሉም ክፍሎች ተናግረናል። ፀሐይንም በባዶ ዓይን እንዳያዩ፣ ቀለበቷን ሲፈልጉ በግድግዳ ጥግ እንዲጋርዷት አስጠንቅቀናል።

በመጪው ዓመት ወደ ካሜራ እንሄዳለን። በድሮ ፊልም ፎቶ ላይ አምፖልን የሚከብበው ብርሃን የሚመጣው ፊልሙን አልፎ ከጀርባው ነጥሮ ከሚመለስ ብርሃን ነው። አሮጌ የፊልም ፎቶ ያላችሁ አምጡልን።