ቆሎዬን ለለቀመልኝ ሐኪም

ያለፉትን ሁለት ዓመታት ታውቃላችሁና አልተርከውም፤ በስኳር ሕመም የእግር ጣቴ ይቆረጥ ተብሎ ነበር። እግሬ አለ። ዛሬ በሁለት እግሬ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ተመልሼ ነው ይህን የምጽፈው።

ምስጋናዬ ከዶክተሩ ይጀምራል። «ስሜን እንዳይጠሩ» ብሎ አስምሎኛል፤ አልጠራም። በዕድሜ ልጄ ስለሚሆን አንቱ ሳልል ነው የምጽፈው፤ አይቀየመኝም።

ስኳር ከያዘኝ 14 ዓመቴ ነው። መድኃኒቴን ወስጄ እንደሆነ ያልጠየቀኝ ሐኪም የለም። ምን እንደምበላ የጠየቀኝ ግን እሱ ነው። የመጀመሪያው ቀን ካርዴን ከኮት ኪሴ ስመዝ ቆሎው ተከትሎ ወለሉ ላይ ተበተነ። አፈርኩ። እሱ ጎንበስ ብሎ አብሮኝ ለቀመ። ለቅሞ ሲጨርስ በመዳፉ እንደያዘ «ጋሼ፣ ይቺን ኪስ በቀን ስንቴ ይሞሏታል?» አለኝ። ሦስቴ አልኩት። ቁርሴን ጠየቀኝ፤ በሶ። ምሳዬን፤ እንጀራ። ማታ ዳቦ፣ ከዳቦው ጋር ጠላ። የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ገብስ ያሳደገኝ ሰው ሌላ ምን ልብላ? ሁሉንም በካርዱ ጀርባ ጻፈው። ውጭ ሰልፉ እንደዚያ ረዝሞ እሱ አልቸኮለም።

እህሉን አስቁሞ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ቅቤና ጎመን ሲያዝልኝ የቀለደ መስሎኝ ነበር። ነገሩ አዲስ አይደለም አለኝ። ጆን ሮሎ የሚባል የእንግሊዝ ጦር ሐኪም አንድ ስኳር የያዘውን ሻምበል በሥጋና በስብ እንዳከመ እ.ኤ.አ. በ1797 ጽፏል። ሻምበሉ ከቻለው እኔም እችላለሁ ብዬ ጀመርኩ።

ጥንቃቄውን ግን ልመስክር። ከሁሉ በፊት ስኳር የሚያወርደውን ክኒኔን፣ ግሊቤንክላማይዴን፣ ቀነሰ። እህል ቀርቶ ክኒኑ ባለበት ከቀጠለ ስኳር ወርዶ ሰው ይጥላል። ኩላሊቴን አስመረመረ፣ ኮሌስትሮሌን አስለካ፣ ሪህ እንዳለብኝ ጠየቀ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየማለዳው እየደወለ የስኳር ቁጥሬን ይቀበለኝ ነበር፤ በራሱ ሒሳብ። እናም ይህን አንብባችሁ ክኒናችሁን እንዳትወረውሩ። ሐኪማችሁን ይዛችሁ ነው።

በአንድ ነገር ብቻ አልተስማማንም። ጥሬ ሥጋ። የጅሩ ሰንጋ በሚታረድበት አገር ጥብስ ብቻ ብላ ማለት ግፍ ነው። «ስኳሩን አስወጥቼ ኮሶ አላስገባም» ብሎ አፌን ዘጋው። ልክ ነው፤ እኔ ግን አሁንም ቅር ይለኛል።

ያለቀስኩት ሁዳዴ ሲገባ ነው። 55 ቀን ሥጋ ልበላ? ሞቼ ነው! ዶክተሩ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እሑድ፣ በዕረፍት ቀኑ፣ ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባቴ ቤት አብሮኝ መጣ። በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢ እንኳ አልደረበም። መስቀል ተሳልሞ፣ ቁጭ ብሎ፣ ይቆረጥ ተብሎ ስለነበረው ጣቴ አንድ በአንድ አስረዳቸው። አባም «መድኃኒት ነው ብለህ ብላ፤ በሰው ፊት ግን አትብላ» አሉኝ። አባ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እሱን ግን ምን ብዬ ላመስግነው? የወለድኩት ልጅ ይህን ያደርጋል?

የሦስት ወሩ አማካይ ስኳሬ ከ11.4 ወደ 6.6 የወረደ ቀን የጮኸው እሱ ነው። ነርሷ ደንግጣ በሩን ከፈተች። የግፊት ክኒኔም ከሁለት አንድ ሆኗል። የእግሬ መደንዘዝ አልለቀቀኝም፤ ሁሉም ዳነ ብዬ አልዋሽም። ጣቴ ግን ካልሲ ውስጥ አለች።

ባለቤቴ ከቅበላ በፊት ቋንጣውን ዘልዝላ አድርቃ፣ እሷ ሽሮዋን እየበላች፣ ለኔ በሌላ ድስት ትሠራልኝ ነበር። ስለ እሷ ከጀመርኩ አላበቃም፤ እቤት እነግራታለሁ።

ከመሐል ሜዳ በግ እየነዳህ የመጣኸው ወንድሜ፣ ዕድርተኞች፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ከውጭ የስኳር መለኪያ የላካችሁልኝ፣ ሁላችሁም ክበሩልኝ። ጎረቤቶቼ፣ በሁዳዴ የቋንጣው ሽታ ደርሷችሁ ዝም ስላላችሁ የተለየ ምስጋና አለኝ። ሳልጠራው የቀረሁት ብዙ ሰው ነው። ይቅር በሉኝ፤ እንባዬ እያቋረጠኝ ነው የጻፍኩት።

ለዶክተሩ በግ ልኬለት መለሰብኝ። ሰኞ ቀጠሮ አለኝ። ገና ሳልቀመጥ ኮት ኪሴን ነው የሚዳብሰው። ዛሬ ማታ ላራግፈው ይገባል፤ ትንሽ ሳትኖርበት አትቀርም።