ለመሪ መምህራን የሚመሩት ሥራ ይሰጣቸው፦ ለትምህርት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ትምህርት ሚኒስቴር

ጉዳዩ፦ የመምህራንን ተከታታይ ሙያ ማሻሻያና የደረጃ እድገት ይመለከታል

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ዓይን ሁሉ ወደ መምህሩ ይዞራል። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ እንደነበሩ የነገራችሁን እናንተው ናችሁ። ከዚያ ወዲህ መምህራንና የትምህርት ቤት አመራሮች በክረምት ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲሠለጥኑ ተደርጓል። ደግ ነገር ነው፣ ይቀጥል። እኔ የምጽፍላችሁ ግን ከመስከረም እስከ ሰኔ ስላለው ጊዜ፣ በዚያ ውስጥም በደረጃ እድገቱ ከፍ ያለ እርከን ላይ የደረሱት መሪ መምህራን ሊሠሩት ስለሚገባው ሥራ ነው።

መመሪያው እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለሙያ ማሻሻያ እንዲያውል ይጠይቃል። 60 ሰዓት ትንሽ አይደለም። ችግሩ፣ ይህ ሰዓት በትምህርት ቤት የጊዜ ሰሌዳ ላይ የለም። ሰዓት ያልተቆረሰለት ሥራ ደግሞ መጨረሻው ወረቀት ነው። ግንቦት ሲገባ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ያምናው ዕቅድ ቀኑ ተቀይሮ ይገለበጣል፣ ላልተካሄደ ውይይት ቃለ ጉባኤ ይጻፍለታል፣ ፊርማ ማሰባሰቢያ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ የሚያየው ፋይሉን ነው፤ ፋይሉ ደግሞ ጎድሎ አያውቅም። ይህን የሚያደርገው ሰነፉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመጻፍ ባልደከምኩ። ጎበዙም ያደርገዋል፤ የሚጠየቀው ፋይል ነዋ!

እውነተኛው የሙያ እድገት ምን እንደሚመስል በምሠራበት ትምህርት ቤት አይቻለሁ። አንዲት ጀማሪ የሒሳብ መምህርት 1/2 እና 1/3 እንዴት እንደሚደመሩ ሰሌዳ ላይ ሠርታ አሳየች። አሠራሯ ጥርት ያለ ነበር። ወደ ተማሪዎቹ ዞራ «ገባችሁ?» ስትል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» አለ። ከኋላ ዴስክ ላይ የተቀመጠ አንድ አንጋፋ ባልደረባዋ ግን አጠገቡ ያሉትን ልጆች ደብተር እያየ ነበር፤ ለሚቀጥለው ጥያቄ ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምረው ቁጭ ብለዋል። ከክፍል ሲወጡ አልነቀፋትም። «ነገ ‹ገባችሁ› አትበያቸው። አንድ ጥያቄ ስጪና ሁሉም መልሱን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ወደ ላይ ያንሳው። እሱን አይተሽ ትቀጥያለሽ ወይ ትመለሻለሽ» አላት። በማግስቱ ወረቀቶቹ ሲነሱ የክፍሉ ግማሽ ያህል እንዳልገባው ታየ፤ እሷም ተመለሰች።

ስለዚያች ክፍል የሚያውቅ የሥልጠና ሞጁል የለም፤ የሚያውቀው ኮሪደር ተሻግሮ የሚያስተምረው ሰው ነው። እሱ ግን ያንን ክፍለ ጊዜ ያገኘው ደብተር ከሚያርምበት ትርፍ ሰዓቱ ቀንሶ ነው። ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አልመዘገበለትም። በዚያ ዓመት ካየሁት የሙያ ማሻሻያ ሁሉ ትልቁ በማንም ፋይል ውስጥ አልገባም።

የደረጃ እድገቱስ? ከጀማሪ መምህር ተነስቶ በመለስተኛ፣ በመምህር፣ በከፍተኛ፣ በተባባሪ መሪ እያለ ወደ መሪ መምህርና ከዚያም በላይ ይወጣል። እያንዳንዱ እርከን ጭማሪ አለው፤ በዚህ ኑሮ ጭማሪውን የሚንቅ የለም (የደመወዝ ጥያቄው ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋልና ልለፈው)። ነገር ግን መሪ መምህር የሆነ ሰው ሰኞ ጠዋት የሚሠራው ጀማሪ እያለ ይሠራ የነበረውን ነው። መምራት የሚፈልግ መምህር ያለው በር አንድ ነው፤ ክፍሉን ለቆ ርዕሰ መምህር ወይም ሱፐርቫይዘር መሆን፣ ካልሆነም ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት መግባት። ተማሪዎቹ ጎበዝ መምህር ያጣሉ፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ አመራር ያልተማረ ርዕሰ መምህር ያገኛል። ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ መኖሩን አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ ግን ሰውየው የሚማረው ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ፣ በክረምት ነው።

ሲንጋፖር ለመምህራኗ ሦስት የእድገት መንገድ አላት። አንዱ ወደ አስተዳደር፣ አንዱ ወደ ልዩ ባለሙያነት ሲወስድ፣ ሦስተኛው መምህሩን ከክፍል ሳያስወጣ ሌሎች መምህራንን ወደሚያበቃ ኃላፊነት ያሳድገዋል። በጃፓን ትምህርት ቤቶች መምህራን አንድን ትምህርት አብረው ማቀድ፣ አንዱ ሲያስተምር ሌሎቹ ተቀምጠው መመልከት፣ ከዚያም ስለ ተማሪዎቹ መነጋገር ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ልማድ ነው። ሁለቱም ጋር የሚያስፈልገው ሕንፃ ሳይሆን የተመደበ ሰዓት ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። በሳምንት 25 ክፍለ ጊዜ ከሚያስተምር መሪ መምህር ላይ አምስቱ ይነሱለትና የጀማሪዎችን ክፍል ገብቶ ይመልከት፣ ከእነሱም ጋር ያቅድ። ይህ በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ይጻፍ። «መምህር እያጠረ ትርፍ ክፍለ ጊዜ ከየት ይምጣ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለአንድ የትምህርት ዓይነት አንድ መምህር ብቻ ባለው የገጠር ትምህርት ቤት ይህ አይሠራም፤ እዚያ አጎራባች ትምህርት ቤቶችን በሚያገናኘው የጉድኝት ማዕከል በኩል በአሥራ አምስት ቀን አንዴ መገናኘት ይሻላል። በጦርነት ሕንፃውም ወንበሩም በወደመበት አካባቢ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ ሌላ ነው። ነገር ግን መሪ መምህራን ተሰብስበው የሚገኙባቸው የከተማ ትምህርት ቤቶች አሉ። በእነሱ ይጀመር።

አንድ ነገር አደራ። ክፍል ገብቶ መመልከቱ ከሥራ አፈጻጸም ምዘና ጋር እንዳይቀላቀል። ያየው ነገር ወደ ነጥብ የሚለወጥ ከሆነ ጀማሪዋ የምታሳየው የተለማመደችውን ትምህርት ነው፤ «አዎ!» የሚሉት ተማሪዎችም አስቀድመው ተነግሯቸዋል። ሱፐርቫይዘሩም ከፋይሉ በፊት «በዚህ ወር የማንን ክፍል አየህ? ምን ተለወጠ?» ብሎ ይጠይቅ። ርዕሰ መምህር የሚሆን ሰው ደግሞ ከመመደቡ በፊት ይሠልጥን። መስፈርቱም ማንን ያውቃል ሳይሆን ምን ያውቃል ይሁን።

መምህር የሚቀጥሩትና የሚመድቡት ክልሎችና ወረዳዎች መሆናቸው አይጠፋኝም። ሙያዊ ስታንዳርዱና የደረጃ እድገቱ ማዕቀፍ ግን ከእናንተ ዘንድ ነው የሚወጣው። የመጪው ዓመት የትምህርት ካሌንደር ከመጽደቁ በፊት፣ 60ው ሰዓት በጊዜ ሰሌዳው ላይ የት እንደሚገባ በጽሑፍ እንድትመልሱልን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሒሳብ መምህር

ግልባጭ፦
ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮዎች